ወደ ገዛ ልጄ ሽማግሌ የላክሁ ዕለት

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ገዛ ልጄ ሽማግሌ ላክሁ። አትሳቁ... ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሰው አገር፣ ሬንተን ከተማ፣ ከልጄ ከሰብለ፣ ከባሏ ከዳዊትና ከልጃቸው ከማያ ጋር ነበር የምኖረው። ቤቱ ምን ወጣለት፣ ሰፊ ነው፣ ፍቅርም ሞልቶታል። ጨው ብቻ የለውም። ሰብለ ነርስ ናት፤ ለደም ግፊትህ ብላ ከፊቴ ሰውራዋለች። ስልኬ ላይ ደግሞ የት እንዳለሁ የምታይበት ነገር ጭናለች። መናፈሻው ውስጥ አረፍ ካልኩ ኮል ታደርግና ለምን አትንቀሳቀስም ትለኛለች። ከተንቀሳቀስኩ ደግሞ ወዴት ነው ብላ ኮል ታደርጋለች።

ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ለአዛውንት ብቻ የሚያከራዩት ሕንፃ አለ። ድሮ ተመዝግቤ ረስቼው ነበር። በዚያው ሳምንት ደውለው አንድ ክፍል ተለቋል፣ እስከ ሰኞ እሺ ካላልክ ለተረኛው እንሰጠዋለን አሉኝ። ለሰብለ ነገርኳት፤ ቀልድ መሰላት። ደግሜ ስነግራት «አባዬ፣ ሾርባህ ቀዘቀዘ» አለችኝ። በእሷ ቤት ክርክር የሚዘጋው እንዲህ ነው።

ሶ... ሽማግሌ። ሀጂ ኑሪንና አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገውን ወዳጄን ጋሽ ወልዱን ለመንኳቸው። እንደ ወጉ ሦስት መሆን ነበረባቸው፣ ግን ሦስተኛው በመኪና የሚያደርሰው ልጁ ሥራ ገብቶበት ቀረ።

ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም፣ ወጉ አይፈቅድም። ግን የት ልሂድ? የምኖረው እዚያው ነው። ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እንደምትታጭ ልጃገረድ ጆሮዬን ጣልኩ።

በሩን የከፈተው ዳዊት ነው። ከረባታቸውን አሥረው ገቡ። ተቀመጡ ሲላቸው ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም አሉ። ዳዊት ደነገጠ። ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጃገረድ ማያ ብቻ ናታ።

«ኸረ አባቶቼ... ልጄ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት» ሲል ሳቄን በመዳፌ አፈንኩት።

ሀጂ ኑሪ ሰብለን አስጠሯት። ፊታቸውን እንደ ዳኛ አኮሳትረው የላከን አባትሽ ነው አሏት። ጋሽ ወልዱም በከዘራው ወደ ደረጃው አመለከተ።

«ሚስት ሊያገባ ነው?» አለች፣ ድምጿ ቀጠን ብሎ።

«እሱማ በቀለለ» አሉ ሀጂ። «ብቻዬን ልኑር ነው የሚለው።»

ከዚያ የሰብለን ለቅሶ ሰማሁ። ልጄ ስትናደድም ታለቅሳለች፣ ያንን ለምጄዋለሁ። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ሳጥብና ሳገላብጥ እየዋልኩ፣ የራሷን አባት አውጥታ ጣለች ሲሉኝ ቤተክርስቲያን በምን ፊቴ እቆማለሁ፣ ለቅሶ ቤት በምን ፊቴ እገባለሁ አለቻቸው። እውነቷን ነዋ... የእኛን ሰው አፍ እናውቀው የለ።

ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር ሆነብኝ። ወረድኩ።

«ሰብልዬ» አልኳት፣ «ከእናቴ ቤት ወጥቼ በቀጥታ እናትሽን አገባሁ። እናትሽ ስታርፍ አንቺ ወደዚህ አመጣሽኝ። በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳን ‹የት ቆየህ?› ሳልባል በር ከፍቼ ገብቼ አላውቅም። ሳልሞት ልሞክረው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔስ የሞከርኩት ይመስልሃል?» አለች።

ዳዊት መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ጋሽ ወልዱ በዚህ መሃል ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ልጄ፣ ወይ እሺ በዪ ወይ ወጉን ልተወውና ልቀመጥ አላት።

እሺ አለች... ግን እንደ ጥሎሽ ተከራከርን። የቁልፉን ቅጂ ሰጠኋት። የእሑድን ምሳ ሰጠኋት። ስልኬ ላይ ያለውን ሰላይ ግን አስነሳሁ። ጋሽ ወልዱ ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ እዚያ ሕንፃ ሌላ ክፍል ይኖር ይሆን ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ሀጂ ኑሪ ሰምተውት ኖሮ፣ ሁለት ካለ ንገረን አሉኝ። የላክኋቸው ሽማግሎች ሊያስኮበልሉኝ መጥተው አብረውኝ ሊኮበልሉ ነበር።

አሁን ይሄን የምጽፈው ከማውንት ቤከር ነው። የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ልማድ ነውና ራሴን «የት ቆየህ?» አልኩት። ምን አገባህ ብዬ መለስኩለት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለኩሽናዬ መጀመሪያ የገዛሁት ምን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም፤ ሰብለ ታነበዋለች።

ትናንት ከሥራ ስትወጣ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ሰላም እንኳን ሳትለኝ ሶፋዬ ላይ ጋደም አለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ስልኳ ሁለት ሦስቴ ጮኸ፣ ድምፁን አጠፋሁት። ጋቢዬን አለበስኳትና ባቡሮቹን በመስኮት እያየሁ ቁጭ አልኩ። ስትነቃ ፊቷ የልጅነቷን መስሎ ነበር።

የእርቁ የመጨረሻ ቃል ይቺ ነበረች፦ አገር ሁሉ በሚያነብበት ቦታ፣ በገዛ እጄ ጽፌ እንዳስታውቅላት። ይኸው አስታወቅሁ። ለቅሶ ቤት ስታገኟት በክፉ ዓይን እንዳታዩብኝ።

ሰብለ አባቷን አልጣለችም... አባቷ ነው ያመለጣት።