የተከደነች ጀልባ

ልጅ ሳለሁ ክረምት የሚገባው በዝናብ ሳይሆን በሬንጅ ሽታ ይመስለኝ ነበር። ቤተሰባችን ከዲማ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ላይ በጀልባ ሰው ያሻግር ነበርና፣ ሰኔ ሲገባ ወንዙ ሳይቀድመን ጀልባዋን አውጥተን ለክረምቱ የምንከድናት እኛው ነበርን። አባቴና አያቴ ዳገቱ ላይ ጎትተው ያወጧታል፤ ድንጋይ ደልድለው በአፏ ይደፏታል፤ ፀሐይ ሲያደርቃት በየስንጥቋ ጨርቅ እየወተፉ ፍም ላይ የቀለጠ ሬንጅ ይቀቧታል። ከዚያ ሣር፣ ከሣሩ በላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ ገመድና ድንጋይ። እንጨቷ ታፍኖ እንዳይበሰብስ ግን በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ክፍተት ይተዉላታል። እኔ ያንን ጨለማ ክፍተት እፈራው ነበር።

ወንዙን ደግሞ ያስፈሩኝ አያቴ ናቸው። ያኔ ሬንጁ እስኪቀልጥ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ በየዓመቱ ያንኑ ተረት ያወሩን ነበር። ወንዝ ክረምት ሲገባ ይርበዋል፤ ጀልባ መከደኗን ሲያይ በምንወደው ሰው ድምፅ ከማዶ ይጣራል። አንድ ጀልበኛ በሚስቱ ድምፅ ቢጠራው የከደናትን ገልጦ ሄደ፤ መቅዘፊያው ብቻ ተመለሰ።

«ታዲያ በምን ይለያል አባባ?» እላቸዋለሁ።

«ወንዝ የክርስትና ስም አያውቅም» ይሉኛል፣ ወንዙ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አንድ ዓመት እናቴ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ማዶ እንደተሻገረች ውሃው ከወትሮው ቀድሞ ደፈረሰ። በዚያ ገደል ውስጥ ስልክ አይሠራም። አባቴ ማዶ ማዶውን እያየ ሥራውን ሊያጓትት ቢሞክርም፣ አያቴ «በድልድዩ ዞራ በመኪና ትመጣለች» ብለው አስከደኑት። የመጨረሻውን ገመድ አስረን ፍሙ ዳር አረፍ እንዳልን፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከማዶ ድምፅ መጣ። የእናቴ ድምፅ ነበር።

ወንዙ እያጓራ ይውጠዋል፤ ደግሞ ብቅ ይላል። «ወለተ ሥላሴ! ... ምጡ! ... ምጡ!» በእኛ አገር አነጋገር ኑ ማለት ነው።

ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሜ ነው፤ ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እስከዚያች ደቂቃ ወንዙ እንዳይሆን ስፈራ ነበር። ስሜን ስሰማ ግን ምነው ወንዙ በሆነ አልኩ፤ እናቴ ከሆነች አባቴ መሄዱ ነው፣ ውሃው ደግሞ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል።

«እሷ ናት!» አለ አባቴ፣ ገመዱን መፍታት ጀምሮ።

አያቴ ተነሥተው የተደፋችው ጀልባ ላይ ወጥተው ቁጭ አሉ።

«አባዬ፣ ይነሡልኝ።»

«አልነሣም።»

«የክርስትና ስሟን እኮ ነው የጠራችው! ወንዝ አያውቀውም ያሉት ራስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ብያለሁ። እሷም ብትሆን ጀልባዋ ተከድናለች። ከገለጥክም እኔን ገፍትረህ ነው።»

አባቴ እንኳን ሊገፈትራቸው ፊታቸው ቀና ብሎ ተናግሮ አያውቅም። እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ አለቀሰ። እኔ እግሩን አቅፌ፣ ድምፁ እየራቀ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቅኩትም። ስንተኛም የጋቢውን ጫፍ በእጄ ጠምጥሜ ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ ተነሥቶ የሚሄድ መሰለኝ።

እናቴ ከቀናት በኋላ በድልድዩ ዞራ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። አባቴ ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ። «እየጠራሽኝ ቀረሁብሽ» አላት።

«ምን ሆነሃል?» አለች ደንግጣ። «እኔ እኮ አትምጡ ነው ያልኩት! ያንን ውሃ እያየሁ? የልጄንም የክርስትና ስም የጠራሁት እኔ መሆኔን አምናችሁ እንድትቀሩ ነው።»

ወንዙ «አት» የምትለዋን ውጦ «ምጡ»ን ብቻ አሻግሮልን ኖሯል። አባቴ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አያቴ ወደ ጀልባዋ ሄደው በክፍተቱ እጃቸውን አግብተው እንጨቷ ደረቅ መሆኑን ዳሰሱ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ አያቴም የሉም። ወንዝ በሰው ድምፅ እንደማይጣራ ካወቅኩ ቆይቷል። ሆኖም ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንድ ሰው ከደጅ ቢጠራኝ፣ ባለሁበት እቆያለሁ። ከሰማሁት ቃል ፊት የተዋጠ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ፣ ደግሞ እስኪጠራኝ እጠብቃለሁ።