የሩሳፔዋ ሳህዊራ

ማይ ጋሪካይ ያን ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ የሚገዛ ነገር አልነበራትም። የነበራት የሚነገር ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት ሙታሬ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ ግራ ጡቷ ሊቆረጥ ቀጠሮ ተይዞላታል። ሐኪሙም የሚያስታምማት ሰው ይዛ ካልመጣች አልጋውን ለሌላ እንደሚሰጡት ቁርጡን ነግሯታል። ልጇ ጋሪካይ ያለው ጆሃንስበርግ ነው። ባሏ ባቡር ጣቢያ ሲያገለግል ኖሮ ካረፈ ቆይቷል። የቀረቻት ማይ ሺንጊ ናት፤ የሺንጊ እናት፣ የልጅነት ጓደኛዋ።

እብጠቱን ያገኘችው በብርዱ ወራት፣ ለራሷ ሹራብ ስትለካ በገዛ እጇ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ሰው ስትመክር የኖረች ሴት፣ የራሷ ሲሆን አፏ ተለጎመ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋበት መኪና ላይ እንኳ ቁጭ ማለት አቅቷት ሳምንቱን ሙሉ አንዱን ኮሌታ ስትፈታና ስትሰፋ ከረመች። ቅዳሜ ማለዳ ፊቷን ስትታጠብ፣ ዛሬ ሳልነግራት ከገበያ አልመለስም ብላ ለራሷ ማለች።

መናገሩ እንኳ ባልከፋ፤ ማን ያምናታል? ማይ ጋሪካይ ሳህዊራ ናት። በሌላው አገር ሰው ሲሞት አልቃሽ ይፈለጋል፤ እዚህ ሳህዊራ ይጠራል። ሳህዊራ ከወዳጅም ወዳጅ ነው። ከድስትህ ሳይጠይቅ ጨልፎ ይበላል፣ ዘመድ የማይደፍረውን ይነግርሃል፣ በቁምህ ሲሰድብህ ይኖርና ስትሞት ልብስህን ለብሶ፣ አነጋገርህን አስመስሎ፣ አስከሬንህ ፊት ለቀስተኛውን ያስቃል። የተቀየመ ሰው ካለ ነውሩ የእሱ ነው። ማይ ጋሪካይና ማይ ሺንጊ ይህን ነገር የወረሱት ከአያቶቻቸው ነው።

የማይ ሺንጊ ባል የተቀበረ ዕለት ማይ ጋሪካይ የሟቹን ቱታና ቆብ አድርጋ፣ እንደ እሱ እያነከሰች ከቤት ወጣች። ሳጥኑን የተሸከሙትን ጎረምሶች፣ "ቀስ በሉ እንጂ፣ ሪህ እንዳለብኝ አታውቁም?" ብትላቸው ሳጥኑ ከትከሻቸው ሊወርድ ምንም አልቀረው። ፊቷን ተከናንባ የተቀመጠችው ማይ ሺንጊ ሳትቀር በሳቅ ተንፈቀፈቀች። ከዚያ ወዲህ የሩሳፔ ከተማ ሰው ማይ ጋሪካይ አፏን ስትከፍት ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃት። እንደምን አደራችሁ ስትልም የሚስቅ አይጠፋም። ሰው ሲስቅልህ መኖር ደስ ይላል፤ ጣጣው የሚመጣው የምር ቀን ሲደርስ ነው።

የገበሬዎቹ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ነው። በጋው ገብቷል፣ ዝናቡም አብሮ። በዚያ አገር ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ ማንጎውም እሸቱም እንጉዳዩም ባንድ ጊዜ ይደርሳል። ሦስቱ ሴቶች፣ ማለትም ማይ ጋሪካይ፣ ማይ ሺንጊና ሆዷን የምትወደው ማይ ዊልሰን፣ በዚህ ወቅት ቅዳሜን ለማንም አይሰጡም። ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። ሥርዓቱን ያወጣችው ማይ ዊልሰን ናት፤ መጀመሪያ ዞሮ ማየት፣ ቀጥሎ መብላት፣ መግዛት ደግሞ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ዋጋው ሲወድቅ።

ያን ቀን ግን ማይ ጋሪካይ ሥርዓቱን በጠበጠችው። ሽንኩርቱ ጋ ሲደርሱ እሷ ጎመኑ ጋ ናት፤ ጎመኑ ጋ ሲደርሱባት ወደ ዶሮዎቹ ተሻግራለች። ቲማቲም አንስታ ታገላብጥና መልሳ ትጥላለች። ባለቲማቲሙ ቀልድ እስኪመጣ ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ቅር አለው። እግሬ ያበጠው ባንቺ ምክንያት ነው እያለች ማይ ዊልሰን ከኋላ ትነጫነጫለች። ማይ ሺንጊ ግን ድሮም ቃል ቆጥባ የምትናገር፣ የሰው ጨዋታ እያዳመጠች ፈገግ ስትል የምትውል ሴት ናት።

ሴኩሩ ዛካሪያ የተባሉት ሽማግሌ ማንጎ የደረደሩበት ጆንያ ጋ ሲደርሱ ማይ ጋሪካይ ጎንበስ ብላ አንዱን ማንጎ ጫን ጫን አደረገችው። ከልጡ ሥር አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ሆነባት። ማንጎውን ጣለችና፣ እንዴት እንደምትጀምር ሳታስብ፣ ቃሉ አፈትልኮ ወጣ።

"ሰኞ ጡቴን ሊቆርጡት ነው።"

ማይ ዊልሰን ከት ብላ ሳቀች። "ሁለቱንም ነው ወይስ አንዱን ለምራቂ ይተዉልሻል?"

ሴኩሩ ዛካሪያ ጥርስ ባልቀረው አፋቸው ሳቁ። ከጎን ያለችው ባለባቄላ ሳቀች። ማይ ሺንጊም ሳቀች። ማይ ጋሪካይ እዚያ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የምላስ ነገር! ሠላሳ ዓመት ሲያስቅ የኖረ ምላስ ባለቤቱን አይጠብቅም።

"እሱ እንኳ ከድሮም ምራቂ ነበር፣" አለች፤ "ዋናውን ባሌ ይዞት ሄዷል።"

ሳቁ እስከ ዶሮዎቹ ድረስ ተዛመተ። ሴኩሩ ዛካሪያ እንባቸውን እየጠረጉ ሁለት ማንጎ በነጻ ዘንቢሏ ውስጥ ጨመሩላት፤ ላሳቀችበት መሆኑ ነው። ማይ ጋሪካይ አመስግና ዘወር አለች። በራሷ ተናደደች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ በቆሎ የሚጠበስበት ከሰል ዙሪያ ተቀመጡ። ማይ ጋሪካይ ብልሃት አሰበች። ማይ ዊልሰን ባለችበት የትኛውም ወሬ ወደ ሳቅ መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ማሄው፣ ያንን የኮመጠጠ የበቆሎ መጠጥ፣ ገዝታ እንድትመጣ ላከቻት። ማይ ዊልሰን ለሚጠጣ ነገር እግሯን አያማትም፤ ተነስታ ሄደች። ማይ ጋሪካይ በርጩማዋን ስባ ተጠጋች።

"ማይ ሺንጊ፣ አንድ ከባድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

ማይ ሺንጊ በቆሎዋን ከአፏ አነሳች። "ቆይኝ። ባለፈው ከባድ ነገር ብለሽ ስትነግሪኝ ሻይ ትን ብሎኝ ልሞት ነበር። ይቺን ልዋጥ።"

ከልቧ ነው የምትለው። ዋጠች፣ አፏን ጠረገች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ዓይኗን ማይ ጋሪካይ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ያ ፈገግታ ነው ጉድ ያደረጋት። ከባሏ ሞት በኋላ ማይ ሺንጊ እንዲህ የምትስቀው በእሷ ጨዋታ ብቻ እንደሆነ ማይ ጋሪካይ ታውቃለች። ይህን ፊት በገዛ እጇ እንዴት ታጥፋው? ጎረቤታቸው ፓስተሩ ሚስቱን ፈርቶ አልጋ ሥር ስለተደበቀበት ቀን አንድ የተበላ ወሬ አንስታ አወራች። ማይ ሺንጊ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ማይ ጋሪካይ ብድግ አለች። እንጉዳይ ልይ አለች። እንጉዳዩን ሳታይ አልፋ አጥሩ ጋ ደረሰች፤ ከአጥሩ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች። ልቧ ተሰቅሏል። የገበያው ሰው ሁሉ የደላው መሰላት። ወጣቶቹ ከመኪና ላይ እሸት እያወረዱ ይዘፍናሉ፣ ሴቶቹ ማዣንጄ የሚሏትን ጣፋጭ የዱር ፍሬ እየመጠጡ ዘሯን በጫማቸው ይረግጣሉ። ይሄ ሁሉ ሰው ብሞት ይመጣልኛል፣ ሳልሞት አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው ግን ማግኘት አቃተኝ ብላ አሰበች። ብቻዋን ልትሄድም ቃጣት። ግን አልጋው ሊሰጥባት ነው። ደግሞም ብቻዋን መሆን በጣም ፈራች፤ ከቢላዋው ይልቅ ማደንዘዣው ሲለቃት ዓይኗን ገልጣ የሚያውቃት ሰው ማጣቱ ነው ያስፈራት።

ዝናቡ ሲመጣ አላስጠነቀቀም። ሰዉ እየተሯሯጠ ሸራ ሥር ገባ። ሦስቱ ጓደኛሞች ከአንዲት ጎመን ሻጭ ሸራ ሥር፣ ከሌላ አሥር ከሚሆን ሰው ጋር ተጠጋግተው ቆሙ። ሲያባራ ገበያው ተበተነ ማለት ነው። ገበሬዎቹ የተረፋቸውን እየጠቀለሉ ጫኑ፤ ማይ ዊልሰን በወደቀ ዋጋ የገዛችውን ጎመን በሁለት እጇ ታቀፈች፤ የሚኒባሱ ረዳት ከመንገድ ዳር ይጣራል። ማይ ሺንጊ ጃንጥላዋን አራግፋ፣ "በሉ እንሂድ፣ ቦታ ሳይሞላ፣" አለች።

ማይ ጋሪካይ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ የጎመን ቅጠል የተበታተነበት እርጥብ መሬት ላይ ተንበረከከች። ሴት ለአማቶቿ፣ ለንጉሥ ወገን ወይም ለታላቅ ልመና እንደምትንበረከከው እግሮቿን ወደ ጎን አጥፋ፣ መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ በቀስታ ማጨብጨብ ጀመረች። ሳህዊራ ለሳህዊራው እንዲህ አይንበረከክም። ማይ ሺንጊንም በጎሳዋ የክብር ስም ጠራቻት፤ በዕድሜዋ አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም።

"ቺሄራ። ይስሙኝ፣ ቺሄራ።"

"ጀመረች፣" አለች ጎመን ሻጯ፣ ፊቷ በደስታ ፈካ ብሎ። ሰዎች እቃቸውን እያስቀመጡ ቀረብ አሉ። ማይ ዊልሰን ሳቋን ከወዲሁ ይዛ፣ "ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው?" አለች።

ማይ ጋሪካይ ማጨብጨቧን አላቋረጠችም። "ጠዋት ማንጎው ጋ ያልኩት እውነት ነው። ሰኞ ሙታሬ ጡቴን ይቆርጡታል። የሚያስታምመኝ ሰው ይዤ መሄድ አለብኝ፣ ሰው የለኝም። ፈርቻለሁ፣ ቺሄራ።"

ሰዉ የቀልዱን ጅራት ጠበቀ። የእሷም ምላስ አንድ ነገር ሊጨምር ሲል ተሰማትና በጥርሷ ያዘችው። ማይ ዊልሰን፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለች። ከዚያ የሚባል ነገር አልነበረም። የጭብጨባው ድምፅ ብቻ ቀጠለ። አንዱ ጎረምሳ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

የማይ ሺንጊ ጃንጥላ ከእጇ ወደቀ። ቀሚሷ ይቆሽሻል ሳትል ጭቃው ላይ ወርዳ ከፊቷ ተቀመጠችና የሚያጨበጭቡትን እጆች ያዘች።

"የትኛው ነው?"

"ግራው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከብርዱ ወራት።"

"እኔ ቤት እየመጣሽ ሻይ እየጠጣሽ?"

ማይ ዊልሰን የራሷ ቀልድ ትዝ ብሏት ጎመኑን ከነእቅፉ አፏ ላይ ጫነችው። ዓይኗ ሞላ። ጎመን ሻጯ ቀስ ብላ ሰዉን ዘወር በሉ እያለች ገፋ ገፋ አደረገችላቸው።

ማይ ሺንጊ ግን ልታለቅስ አልቻለችም። ሳህዊራነት ያንድ ወገን አይደለም፤ ማይ ጋሪካይ የእሷ እንደሆነች ሁሉ እሷም የማይ ጋሪካይ ናት። ወዳጅህ የጨነቀው ቀን የሚያለቅስለት ዘመድ ሞልቷል፤ ሳህዊራ ግዴታው ማሳቅ ነው። እስከ ዛሬ ያንን ዕዳ ሁለቱንም ወክላ የምትከፍለው ማይ ጋሪካይ ስለነበረች ማይ ሺንጊ አንድም ቀን ሞክራው አታውቅም። አሁን የሚያስቅ ነገር ስታስብ፣ ስትፈልግ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ።

"እንግዲህ..." አለች፤ "እንግዲህ... ቀሚስሽን... ባነሰ ጨርቅ ትሰፊዋለሽ።"

ከዚያ የከፋ ቀልድ በሩሳፔ ምድር ተነግሮ አያውቅም። ማይ ዊልሰን በድንጋጤ ወደ ሌላ ዞረች። ማይ ሺንጊ ራሷ ያለችው ነገር አስደንግጧት እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረች።

ማይ ጋሪካይ ለአንድ አፍታ አየቻት። ከዚያ ከሆዷ የሆነ ነገር ፈንቅሎ ወጣ። ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ አንቆ የያዛት ነገር ተፈታ፤ እየሳቀች እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ትንፋሽ አጥሯት ማይ ሺንጊ ትከሻ ላይ ተደፋች። ለሰው ስታስቅ ኖራ፣ ለእሷ ተብሎ የተነገረ ቀልድ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

"አንቺ ሴት፣" አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ "ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ይሄንን ነው?"

ማይ ሺንጊ በመዳፏ የጓደኛዋን ፊት ጠረገችላት። ረዳቱ አሁንም ከመንገድ ዳር ይጣራል።

"ሰኞ መንገድ ላይ የተሻለ እነግርሻለሁ፣" አለቻት።