ያላጠፋሁት ዘፈን

ይህን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ አያውቅም፣ አብረውኝ የሚጸልዩት ሴቶችም አያውቁም። እኛ ቤተ ክርስቲያን ነፍስ አባት የሚባል የለም፤ ስለዚህ እናንተን፣ የማታውቁኝን ሰዎች፣ ፊቴ አስቀምጬ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ከዳር እስከ ዳር እያለቀስኩ አልናዘዝም። ማልቀስ የሚገባኝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ስደርስበት ታውቁታላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ግንበኛ ነው። ከጎፋ በኩል ተነሥተን ጂንካ የገባነው አብረን ነው፤ እሱ ድንጋይ ሊጠርብ፣ እኔ ቤት ልይዝለት። በሰርግና በበዓል ደግሞ ክራር ይዞ ይዘፍን ነበር። ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ከበሮውን የሚመታው ደምሴ ነበር፤ የአሪ ልጅ ነው፣ በሥራ ቀን ለማርቆስ ጭቃ እያቦካ ድንጋይ የሚያቀብል። ሦስታችን ከጂንካ እስከ ቀይ አፈር፣ አልፈንም እስከ ዲመካ ዘፍነናል። ከግጥሞቹ ብዙዎቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወንድሜ ልብ ያላለው ይህን ነውና።

ዘፈኖቻችን መጀመሪያ በካሴት ነበሩ። አግብቼ ከገበያው በታች ፎቶ ኮፒ ቤት ስከፍት ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ዘፈን። ካሴቶቹን ሙቀትና አቧራ ጨረሳቸው፤ የተረፈው ደምሴ ቤት የነበረው አንድ ካሴት ብቻ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ለሰው ዘፈንም መዝሙርም እየጫንኩ ኖርኩ።

ከዚያ ማርቆስ ታመመ። ሦስት ወር ተኝቶ ሲነሣ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣ። ጌታን ተቀበለ፣ ክራሩን በገዛ እጁ ሰበረ፣ ውሎ አድሮም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነ። በዚህ ተቀይሜው አላውቅም። እኔም አማኝ ነኝ፤ ወንድሜ ከሞት ተመልሶ እየዘመረ ማየት ደስ ያሰኘኛል።

የኔ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ሰሞን መሞት ጀመረ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ሲያጉረመርም ይቆያል። ባሌ ከአርባ ምንጭ ላፕቶፕ ገዝቶልኝ መጣ። ማርቆስ ይህን ሰምቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ከች አለ።

"አስቱ፣ የኔ ዘፈኖች ወደ አዲሱ እንዳይሻገሩ" አለኝ። "እዚሁ አሮጌው ላይ አጥፊያቸው። እኔው እያየሁ።"

የኔ ዘፈኖች አለ። የኔ! እሱ አንዱን ስንኝ ሲል ሁለተኛውን የምቀበለው ማን ነበርኩ? ድምፄን አጥፊ ሲለኝ ፈቃዴን ጠየቀኝ? ደምሴንስ ጠየቀው? ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ልለው ይገባኝ ነበር። አላልኩም። "እሺ ጋሼ" ብቻ አልኩ።

ዘፈኖቹ እኮ ተሻግረዋል። ላፕቶፑ በተከፈተ ቀን ከደንበኛ ሰነድ በፊት፣ ከልጆቼ ፎቶ እንኳ በፊት የገለበጥኩት እነሱን ነው። አሁን አሮጌውን ከፈትኩና ሠላሳ አንዱን ፊቱ አጠፋሁ። የተጣለውንም ከቅርጫቱ ደፋሁት።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"ሌላ ቦታ የለም?"

"የለም።"

ዋሸሁ። ማርቆስ እጁን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ጸለየ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ። አላፈርሽም? ትሉኝ ይሆናል። አላፈርኩም። እግዚአብሔር ላፕቶፑ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር፤ እኔም እንደሚያውቅ አውቅ ነበር። የደበቅኩት ከወንድሜ ነው።

ሁለት ዓመት ያህል ብቻዬን ሰማኋቸው። አንድ ቀን የዲመካ መስመር ሾፌር ፍላሹን ይዞ መጣ። "የድሮ የሰርግ ዘፈን የለሽም? መንገዱ ሰለቸኝ" አለ። ሁሉንም ጫንኩለት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ማንም አላሳሳተኝም። ወጣት ሳለሁ የዘፈንኩት ድምፄ ከሱቅ ወጥቶ መንገድ ላይ እንዲሄድ ፈለግኩ። ዛሬም በዚህ አልጸጸትም።

ወንድሜ ያን ሳምንት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዲመካ ሄዶ ነበር፤ አዲስ የሚሠራውን የጸሎት ቤት ግንብ ሊያዩ። ሲመለሱ የተሳፈሩት በዚያው ሚኒባስ ነው። መንገድ ላይ ሾፌሩ ዘፈኑን ለቀቀው። አንዲት ተሳፋሪ፣ ሰርጓ ላይ የዘፈንንላት ሴት፣ እልል አለች። "ማርቆስ! አንተ አይደለህ እንዴ? ይሄ የኔ ሰርግ ዘፈን እኮ ነው!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዳንዱም አጨበጨበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጂንካ እስኪደርሱ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ መጡ።

ማርቆስ ዘፈኖቹ መጥፋታቸውን ጉባኤ ፊት መስክሮ ነበርና ከአገልግሎት ታገደ። እኔንም ጠሩኝ። "አጥፍተሻል ወይስ አላጠፋሽም?" አሉኝ። "አጥፍቻለሁ" አልኩ። አሮጌው ላይ አጥፍቻለሁና ቃሉ እውነት ነበር፤ እንዲህ ያለ እውነት ግን ከውሸት ይከፋል። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። "እህቴ አትዋሽም" አለ። "ደምሴ ጋ አንድ ካሴት መቅረቱን ረስቼ ነበር። ይጠጣል። ሰርቆ ለሾፌሩ የሸጠው እሱ ነው።" ሾፌሩን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እኔም ዝም አልኩ።

ቦታው ይህ ነው። ደምሴ ምን አድርጎኝ ነበር? የመጀመሪያ ልጄን ምጥ ሲይዘኝ ባሌ ለኬላ ጥበቃ ከከተማ ወጥቶ ሳለ፣ በቃሬዛ አሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰኝ ደምሴ ነው። ካሴቱን ለማንም አልሰጠም፤ ቤቱ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ነበር። ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ማርቆስ ከሥራ አባረረው፤ ሌሎች ግንበኞችም ሌባ ነው ሲባሉ ተዉት። ደምሴ ሥራ ፍለጋ አርቦሬ ወረደ፣ ከዚያ ዱስ፤ ወንዝ ዳር የሰው እርሻ ሲቆፍር ከረመ። የማርቆስ እገዳ በጥቂት ወራት ተነሣለት። የደምሴን ስም ማን ያንሣለት?

እናቱ ስትሞት ለቀብር ተመለሰ። ማርቆስ ለቅሶ አልደረሰም። እኔ ደረስኩ። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ደምሴ ራሱ ውሃ አመጣልኝ። "ማርቆስ ለምን ቀረ?" አለኝ። "አሞታል" አልኩት። ውሃውንም ጠጣሁ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ወር ደምሴ መታወቂያውን ኮፒ ሊያደርግ ሱቄ ገባ። ጸጉሩ ሸብቷል። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ስልክህን አምጣ አልኩትና ሠላሳ አንዱንም ጫንኩለት። አንዱን ከፈትኩት። የራሱን ከበሮ ሰማ። በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፣ ፊቱ ፈካ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። የሱ ካሴት ላይ ሰባት ዘፈን ብቻ ነበር፤ ይኸኛው ከነሱ ውስጥ የለም።

ደምሴ አማርኛ የተማረው በሥራ ቦታና በገበያ ነው፤ ሴቷንም ወንዱንም አንተ ይላል።

"አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ያን ጊዜም?"

"ያን ጊዜም።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ይቀለኝ ነበር።

"እናቴ፣ ልጄ ሌባ ሆነ ብሎ ሞተ" አለኝ። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

የፊታችን እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እነሣለሁ። ማርቆስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል። ሌባው ደምሴ አይደለም፣ ውሸታሟ እኔ ነኝ እላለሁ። ካገዱኝ ያግዱኝ። ዘፈኖቹን አሁን አጥፊ ካሉኝ ግን አላጠፋም። ወንድሜ የራሱን ድምፅ ለይቶ መንቀል ከቻለ ይምጣና ይንቀል፤ የኔንና የደምሴን ግን ይተውልን።

ደምሴንም ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቀውም። ምን ብሎ ይመልስልኝ? እሱን የበደልኩትን እሱ ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ጎረቤት ፊት አንገቷን ደፍታ የሞተችውን ሴት ግን እሱም ሊወክላት አይችልም። እሷን በሕይወት ሳለች ልጠይቃት የምችልበት ብዙ ቀን ነበረኝ፤ ቤቷ ከሱቄ ሦስት ደጃፍ አልፎ ነበር።