በአምስተኛው ዘፈን መሃል የተሰማው ድምፅ

ጆሮ መመርመር ሥራዋ ነው። በአንድ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታህል ድምፅ የማታስገባ ክፍል ውስጥ ሰው ታስቀምጥና በመስታወቱ ማዶ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትጫናለች። የሰማ እጁን ያነሣል፤ ያልሰማ አያነሣም። ሳይሰማ የሚያነሣም አለ፤ እሱን ከፊቱ ታውቀዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስትሠራ፣ ነርስ ባትሆንም ሁሉም የሚጠራት «ሲስተር» እያለ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ነርስ አይደለሁም» እያለች ታርም ነበር። በኋላ ተወችው። የማይሰማ ሰው ማረም አድካሚ ነው።

ለታካሚዎቿ ሁሉ የምትሰጠው ምክር አንድ ነው። «ጩኸት ያለበት አይቀመጡ፤ ማዳመጫ ጆሮዎ ውስጥ ከትተው አያስጩኹ፤ ጆሮ አንዴ ከሄደ አይመለስም።» ይህን ስትል ትከርምና በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሀርድ ሮክ ልትሰማ ትሄዳለች።

ሀርድ ሮክ የተባለን ሁሉ አትወድም። የምትወደው አንድ ባንድ ነው፤ የዚያንም ባንድ የመጀመሪያውን አልበም ብቻ። ዘጠኝ ዘፈን፣ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሽፋኑ ላይ አራት ፀጉራም ወጣቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሦስቱ ካሜራውን ይገላምጡታል፣ አራተኛው ዓይኑን ጨፍኗል። ባንዱ ከዚያ ወዲህ ሁለት አልበም አውጥቶ ተበተነ። ሁለቱንም ሰምታቸዋለች። ስለ እነሱ ስትጠየቅ «አሉ» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

አልበሙ እጇ የገባው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ በሽፋኑ ተታሎ ካሴቱን ገዛና ቤት ወስዶ ሲከፍተው የቴፑ ሞተር የተቃጠለ መስሎት ሶኬቱን ነቀለ። ቴፑን በካቻቢቴ ፈታታው። ምንም አላገኘበትም። መልሶ ገጥሞ ቢከፍተው ያው ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሙዚቃው መሆኑ ገባውና ሸሚዞቹን ወር ሙሉ እንድትተኩስለት ተስማምቶ ካሴቱን ለእህቱ ሰጣት።

ስምንት ነፍስ በሁለት ክፍል በሚኖርበት ቤት የመጨረሻ ልጅ ናት። በዚያ ቤት ሁሉም ባንድ ላይ ይናገራል፤ ዝም በይ የምትባለው ግን እሷ ነበረች። ሸሚዝ እየተኮሰች ካሴቱን ስትከፍተው ዘፋኙ ሳይለማመጥ፣ ፍቀዱልኝ ሳይል ይጮሃል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ያቋረጠው የለም። የሁለት ሸሚዞች ኮሌታ አረረ። እናቷ በሩ ላይ ቆመው «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሏት።

«ደስ ብሎት ነው» አለች።

እናቷ ጥቂት አዳመጡ። «አይመስለኝም» ብለው ሄዱ።

አድጋ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ካሴቱ ከቤት ቤት አብሯት ዞረ። ባሏ የመንገድ መብራት ጠጋኝ ነው፤ በሙዚቃ ጉዳይ እጁን አያስገባም። አንድ ቀን የሱን ሞተር ሳይክል ካንዴላ ልትገዛ መለዋወጫ ሱቅ ስትገባ ሦስተኛው ዘፈን ተከፍቷል። ባለሱቁ ከባንኮኒው ኋላ ዘይት የነካ ጣቱን እየጠረገ አንገቱን ይወዘውዛል።

«ካሴትዎ ላልቷል» አለችው። «ግማሽ ድምፅ ወርዷል።»

ባለሱቁ ጨርቁን አስቀመጠ። «አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ?»

እንዲህ ተጀመረ። በወሩ ባለሱቁ የደንበኛውን ልጅ፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ጠራ፤ ሦስት ሆኑ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ዕቃ ማከማቻ ውስጥ በጎማ ላይ ተቀምጠው ዘጠኙን ዘፈኖች ከዳር እስከ ዳር ይሰማሉ። በመሃል አይወራም። ሲያልቅ ይወራል። መምህሩ አንድ ጊዜ «ሁለተኛው አልበም እኮ ያን ያህልም…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ማንም አልመለሰለትም። ሁለት ወር ቀርቶ መጣና ነገሩ በዚያው ቀረ።

የማያስማማቸው ጉዳይ አንድ ነበር። በአምስተኛው ዘፈን መሃል፣ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ላይ፣ ከሙዚቃው ጋር የማይሄድ አንድ «ቋ» የሚል ድምፅ አለ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ይፈጥናል፤ እስኪያልቅም ይጋልባል። ባለሱቁ ብረት ነው ባይ ነው፤ ከበሮው ላይ ያለው የነሐስ ሳህን ወድቆ ነው ይላል። መምህሩ ሆን ተብሎ የገባ ነው ይላል። የሚዘጋ በር ነው፤ ፍጥነቱም ከተዘጋ በር የሚያመልጥ ትውልድ ነው፤ ይህን በሚመለከት አሥራ አንድ ገጽ ጽፎ አንብቦላቸዋል። ሲስተር ግን እንጨት ነው ብላ ድርቅ አለች። «ለምን?» ሲሏት «ጆሮ ሥራዬ ነው» ከማለት በቀር ማስረጃ አልነበራትም። ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት።

ከዕለታት አንድ ማክሰኞ፣ ጧት፣ አንዲት ሴትዮ ባሏን ከፊት ከፊት እየነዳች ገባች። ሰውየው ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ራሱ የተመለጠ፣ ሹራቡን እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው። ሲስተር ካርዱን ተቀብላ ስሙን አነበበች። ደግማ አነበበችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ካሴቱ ሽፋን ላይ፣ ከ«ድራም» ትይዩ ስታነበው የኖረችው ስም ነው። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ምንም የሚመሳሰል ነገር አላገኘችም። ሰውየው የኒዮን መብራቱ አስቸግሮት ዓይኑን ሲጨፍን ግን አገኘችው።

«ምን ያስቸግርዎታል፣ ጋሼ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው።

«ምንም» አለ። «ሰዉ ነው ማንሾካሾክ የጀመረው።»

«አይሰማም» አለች ሚስቱ። «ሽንኩርት አምጣ ስለው ሱቅ ሄዶ እንጥልጥል ስጡኝ ይላል።»

«እንጥልጥል ምንድን ነው?» አለ ሰውየው።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

ሲስተር ክፍሏ ውስጥ አስገባችውና ማዳመጫውን አደረገችለት። ወፍራሞቹን ድምፆች ይሰማል፤ እጁን ያነሣል። ቀጭኖቹ ላይ ስትደርስ ግን እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመርም ገደል ገባ። ሲወጣ ሥራው ምን እንደነበረ ጠየቀችው፤ የምትጠይቀው ሁሉንም ነው።

«ቀለም ፋብሪካ፤ መቀላቀያው ማሽን ላይ» አለ። «አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ሚስቱ መለሰችለት። «ከዚያ በፊትማ ከሥራ ፈቶች ጋር ከበሮ ይደበድብ ነበር አሉ። እኔ አልደረስኩበትም፤ ደግነቱ።»

«ጫጫታ ነበር» አለ ሰውየው። «የልጅነት ነገር።»

ቅጹ ላይ «ታካሚው የተጋለጠበት የጫጫታ ዓይነት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ሲስተር «የፋብሪካ ማሽን» ብላ ጻፈች። ቀጥላ «ሙዚቃ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አስምራ አታውቅም።

የታካሚ ነገር ከክሊኒኩ በር አይወጣም፤ ሥራ ስትጀምር ፈርማበታለች። ስለዚህ ያን ወር ቅዳሜ ጎማዋ ላይ ተቀምጣ ባለሱቁና መምህሩ ስለ ነሐስና ስለ በር ሲከራከሩ አፏን ይዛ ዋለች። ባለሱቁ «ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» ቢላት «ጥርሴን አሞኝ» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራከሩበትን የሚያውቀው ሰው አራት ፌርማታ ርቆ እየኖረ እሷ ስለ ጥርሷ ታወራለች። ቤቷ ገብታ ለባሏ እንኳ አልነገረችም። እራት ላይ ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለቱንም ጊዜ ጎረሰችበት።

በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው የመስሚያ መሣሪያው ደርሶለት ብቻውን መጣ። ጆሮው ላይ አድርጋለት ከፈተችው። ሰውየው ደነገጠና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ወረቀት ነበር፤ እሷ ገጽ እየገለጠች ነው። መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ የራሱን ሹራብ ሳይቀር ሲሰማ ቆየና «ይሄ ሁሉ አለ እንዴ?» አለ።

«በሙዚቃም እናስተካክለዋለን» አለች። እውነት ነው፤ ለሁሉም ታደርገዋለች። ለሁሉም የምትከፍተው ግን ዋሽንት ነው። ለሱ ስልኳን አወጣችና አምስተኛውን ዘፈን ከፈተች።

ሰውየው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «እነማን ናቸው?» አለ።

ድምፁን በትንሹ ከፍ አደረገችው። ጥቂት ቆይቶ የቀኝ እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም፤ የጠፋበትን ቁልፍ በኪሱ ያገኘ ሰው ይመስላል።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ይስሙት፣ ጋሼ። የመስማት ምርመራ ነው» አለች፤ አሁን ዋሸች። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ደረሰ። ቋ። ቁልፉን ተጭና አቆመችው። «አሁን የተሰማዎት ምንድን ነው?»

«በርጩማዬ» አለ።

«አልሰማሁዎትም።»

«የምቀመጥበት በርጩማ። አንድ እግሩ የላላ ነበር፤ ውልቅ አለ። የስቱዲዮ ሰዓታችን እያለቀ ነበር፣ ውጭ ሌሎች ተሰልፈዋል፤ ከቆምን ዳግመኛ አንቀዳም። እኔም ቁጢጥ ብዬ ጨረስኩት። ጭኔ ስለተቃጠለ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ አፈጠንኩት። ሌሎቹም ምን ያድርጉ፣ ተከተሉኝ።» ትንሽ አሰበና «ፈጥኛለሁ። በጣም ፈጥኛለሁ» አለ።

«በርጩማው የምን ነበር?»

«ምን የምን ነበር?»

«ብረት ነው እንጨት?»

«እንጨት ነዋ።»

ሲስተር ወንበሯ ላይ ተደገፈች። የልጆቿ ምጥ ሲያልቅ እንኳ እንዲህ አልተነፈሰችም። ከዚያ ሁሉን ነገረችው፤ ሦስት ሰዎች እንዳሉ፣ በየወሩ እንደሚሰበሰቡ።

«ተሰብስባችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«እንሰማለን።»

«ሁሉንም?»

«ዘጠኙንም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንነጋገርበታለን።»

ሰውየው ይህን አብላላው። «ሥራ የላችሁም?» አለ፤ ለመስደብ አልነበረም፣ ለማወቅ ነው።

«አለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።»

ና አላለችውም፤ ታካሚ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ራሱ ዞሮ «ቦታው የት ነው?» አላት።

ቅዳሜው ሲደርስ ከነሚስቱ መጣ። ሚስቱ ዕቃ ማከማቻውን ቃኝታ፣ ጎማውን በመሀረቧ ጠርጋ ተቀመጠች። ሰውየው ማንነቱን ሲናገር ባለሱቁ አላመነም፤ ካሴቱን አምጥቶ ሽፋኑን ከፊቱ ትይዩ ያዘና «ዓይንዎን ይጨፍኑ እስቲ» አለው። ጨፈነ። ባለሱቁ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጠው። መምህሩ በበኩሉ ስለ ስድስተኛው ዘፈን ግጥም ጥያቄ አዘጋጅቶ ነበር። ሰውየው «ግጥሙን አላውቀውም፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ከከበሮው የተነሣ አይሰማኝም» አለው።

የበርጩማውን ነገር ሲነግራቸው ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። ባለሱቁ በርጩማው ሚስማር እንዳለው ጠይቆ፣ አለው ሲባል «ታዲያ ግማሹ ብረት ነዋ» አለ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «ሠሪው የሠራውን ሁልጊዜ ላያውቀው ይችላል» ብሎ አሥራ አንዱን ገጽ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የሲስተር አንጀት ግን ቅቤ ጠጥቷል።

ከዚያ አልበሙ ተከፈተ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮ መቺው ራሱ የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮው ነቅሎ ኪሱ ከተተው፤ «ይጮኻል» አለ። ሚስቱ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ ወደ ባሏ ዞረች።

«ይሄ ነው ጫጫታ ያልከኝ?»

«ምን አልሽ?» አለ። መሣሪያው ኪሱ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫጫታ ነበር አልከኝ። እኔም አመንኩህ።»

ሰውየው ከከንፈሯ ሳያነበው አልቀረም፣ ጎማው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና መሬት መሬት አየ። «ያልሆነልኝ ነገር ነው ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ባለሱቁ ዘወር ብሎ ካሴቱን መገልበጥ ጀመረ፤ ሁለቱም ገጹ ተሰምቶ አልቋል፣ መገልበጥ አያስፈልገውም ነበር።

ሰውየው አራት ወር ተመላለሰ። በአምስተኛው ወር ቀረ። ተጣልቶ አይደለም፤ ሰልችቶት ነው። ዘጠኙንም እንደሚያውቃቸው፣ መጨረሻቸው እንደማይለወጥ፣ ጓሮው ውስጥ የተከላቸው ቲማቲሞችም ውሃ እንደሚፈልጉ ነግሯቸው፣ ሁሉንም በየተራ ጨብጦ ሄደ። ባለሱቁና መምህሩ ተቀይመው ሰነበቱ። ሲስተር ግን አልፈረደችበትም፤ ቀለም ሲቀላቅል የኖረ ሰው ቤቱን ቀለም መቀባት አያምረውም።

ሚስቱ አልቀረችም። በየወሩ በአውቶቡስ ብቻዋን ትመጣለች፣ የራሷን ትራስ ይዛ። መምህሩ ንግግር ሲያበዛ ሰዓቷን ታያለች፤ ያን ጊዜ ያሳጥራል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ወደ ፌርማታው ወረዱ። ሚስትየው ስለ ቤቷ ታወራለች። «ድሮ ሳይሰማ በሰላም እንኖር ነበር። አሁን የቧንቧው ጠብታ ይረብሸዋል፣ የኔ ነጠላ ጫማ ይረብሸዋል፣ ጎረቤት ሳል ሲስል እነማን ናቸው ይላል። እስቲ ትንሽ ቀንሺለት፣ ሲስተር።»

«የተስተካከለው ለሱ ጆሮ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም፣ እትዬ።»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ጥቂት ተራመዱ። «ሰባተኛው ግን ረዝሟል። መሃሉ ላይ ጊታሩ ብቻውን የሚቀረው ለምንድን ነው? ሌሎቹ የት ሄደው ነው?»

ሲስተር ቆመች። ሰባተኛው ዘፈን አንድ ሰኮንድ እንኳ የሚቀነስለት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ጀምራ ማስረዳት ያዘች። አውቶቡሱ መጣ፤ ገቡ፤ ጎን ለጎን ቦታ ስላልነበረ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ተቀመጡና በሰው ራስ ላይ ቀጠሉ። እስኪወርዱም አልተስማሙም።