አጎቴ ለራሳቸው ቤት ቀለም የመረጡ ቀን

የፊታችን እሁድ የአጎቴ አርባ ነው። ለንደን ውስጥ ዘመድ ወዳጁ ቤት ሲቀይር ስለ ቀለም የሚያማክረው እሳቸውን ነበር። ናሙናውን ግድግዳው ላይ በትንሹ ይቀቡና፣ "ጠዋትም ማታም እዩት፤ አብራችሁት የምትኖሩት እናንተ ናችሁ" ይሉ ነበር። ባተርሲ ያለው የራሳቸው ፍላት ግን የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በኪራይ እንደሰጣቸው ሃያ ዓመት ቆየ። ለምን እንደማይቀቡት ስጠይቃቸው፣ "ነገ አገሬ ለምገባ ሰውዬ ምን ያደርግልኛል?" ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ደውለው፣ "እስቲ ነይ፣ ቀለም እንምረጥ" አሉኝ።

"ለማን ቤት ነው፣ ጋሼ?"

"ለእኔ" አሉ።

የመመለሱን ነገር እንደተዉት ገባኝ። ፈካ ያለ ቢጫ መረጡና አብረን ቀባነው። ስንጨርስ ወንበራቸውን ሳሎኑ መሃል አድርገው ተቀመጡ።

"አሁን ቤት ሆነ" አሉ።

ካረፉ በኋላ ፍላቱን ለማስረከብ ካውንስል ስሄድ፣ መጀመሪያ ግድግዳውን ነጭ ማድረግ አለብሽ ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ቀባሁት። ቢጫው ከሥር እየታየ አስቸገረኝ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የሸፈንኩት። ቁልፉን ትናንት አስረከብኩ።