ወንድሜና የሚፈላው ሞተር

ስለዚያ መኪና ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያን የሰሊጥ ሰሞን ሞተሩ የሚፈላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር፤ ከሽንፋ ጭኜ ወደ ገንዳ ውኃ ስመለስ፣ መንገዱ ከእርሻው ሜዳ ወጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባባት አጭር ዳገት ላይ። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። እዚያች ዳገት ላይ ግን ማንም ሹፌር በፈቃዱ አይቆምም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከእኛ ጋር አንድ ገበታ የሚቀርብ ሹፌር እዚያው አካባቢ አጋቾች ከመሪው ላይ አውርደው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ ከሽንፋ በተመለስሁ ቁጥር እዚያ ቆሜ፣ ኮፈን ከፍቼ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ቁጥቋጦውን አፈጥበታለሁ። መፍራቴን ለማንም አልተናገርሁም። ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ቤት ስገባም የሚታየው ንዴቴ ብቻ ነው።

መኪናው የታላቅ ወንድሜ ነው። ወገቡን ታሞ መንዳት ካቆመ ወዲህ መሪውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሰጠኝ ማለት ከተቻለ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላውን እንደለበሰ ግቢያችን ውስጥ ወደቆመው መኪና ይሄድና ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን ውሃ ራሱ ያያል። ክዳኑን ሲፈታና ሲያጠብቅ ከቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የነዳ ሰው ውሃ እንኳ ማየት አይችልም ማለቱ ነው። ወጥቼ ልናገረው እልና ምሳው ይበላሻል ብዬ እተወዋለሁ፤ ምሳው ግን ለእኔ ተበላሽቷል።

ሞተሩ ሲፈላ ታዲያ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እግርህ ከባድ ነው ይለኛል፤ ማርሽ አትቀንስም፤ ትከንፋለህ። እስከ አፉ ሰሊጥ በጫነ አሮጌ መኪና፣ በዚያ ኮረኮንች፣ ዳገት ላይ የሚከንፍ ሰው ካለ አሳዩኝ። በመጨረሻም ቆርጦ ነገረኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከፈላ ቁልፉን ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ እንዲሰሙም ብሎ ነው ድምፁን ከፍ ያደረገው።

መካኒኩን አመጣሁት። መካኒኩ የማራገቢያውን ቺንጋ አጠበቀ፤ ፈላ። የውሃ ፓምፑን ቀየረ፤ ፈላ። የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታት፣ ቆላ ውስጥ ምን ያደርግልሃል ብሎ አውጥቶ ወረወረው፤ አሁንም ፈላ። የሰሊጥ ገለባ ራዲያተሩ ፊት ላይ ተለጥፎ እንደሆነ ብዬ እኔ ራሴ በውሃ ግፊት አጠብሁት፤ ከውጭ ንጹሕ ሆነ፣ ዳገቷ ላይ ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ መካኒኩ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏልና ሞተሩ ይከፈት አለ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ሞተሬን አቃጠልህልኝ የሚል ዓይን ነበር።

እልህ ያዘኝ። ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ራሴ አየዋለሁ ብዬ በማግስቱ ገና ጀምበር ስትወጣ ገባሁበት። የራዲያተሩን ክዳን ፈትቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቢሆን ውሃው አረፋ ይደፍቅ ነበር። አረፋ የለም። ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አየሁት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል፤ የእኛ ጥቁር ነው። ክዳኑን መልሼ ቀስቱ ከፍ እስኪል ሞተሩን አስጓራሁት፣ አጠፋሁትና መዳፌን ራዲያተሩ ፊት ላይ አሳለፍሁ። ላዩ ያቃጥላል። ወደ ታች ስወርድ ግን መሃሉ ለብ ያለ፣ ታቹ እንዳለ ቀዝቃዛ። ሞተሩ እየነደደ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ ውሃው አያልፍም ማለት ነው። ተዘግቷል፤ ከውስጥ።

ወንድሜን ጠራሁት። እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር፤ እንዲያፍርልኝም ጭምር። ራዲያተሩን ፈትቼ ግቢው መሃል አጋደምሁትና ቱቦ ሰክቼ ውሃ ለቀቅሁበት። መጀመሪያ የዛገ ውሃ መጣ። ከዚያ ደለል የመሰለ ነገር እየተቆራረሰ ይወርድ ጀመር፤ ውሃው በቆመ ቁጥር በእንጨት እየነካካሁ አወጣሁት። ወንድሜ ወዲያው ተነሳብኝ። የወንዝ ውሃ ስትቀዳበት ከርመህ ነው፣ የሽንፋን ጭቃ ሞልተህበት ነው እያለ።

እኔ የጉድጓድ ውሃ በጀሪካን ሳልይዝ ከከተማ ወጥቼ አላውቅም። ከመሬት አንድ እፍኝ አነሳሁና ከዚያ ደለል ጎን ያዝሁለት። የእኛ አገር አፈር ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር መረሬ። ከራዲያተሩ የወጣው ግን ነጭ ነበር፤ እንደ አመድ የላመ ነጭ።

«ይሄን ጭቃ ከሽንፋ አምጥተህ አሳየኝ» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፤ አሸት አሸት አደረገው። ወገቡ ስለሚያመው ለመቃናት ጊዜ ወሰደበት። ሲቃና ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ ነበር።

«እምነት ነው» አለ። «ደጋ ካለው ጠበል ያስመጣሁት አፈር። እሁድ እሁድ ትንሽ ትንሽ እጨምርበት ነበር። እዚያ መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ።»

ለካ ውሃ አያይም ነበር። ሰው ግንባሩን የሚቀባውን፣ ለታመመ የሚበጠበጠውን የጠበል አፈር መኪናውን ሲያጠጣ ከርሟል። ያ ሹፌር ከተወሰደ ወዲህ፣ ለእኔ አንዲት ደግ ቃል ሳይናገር፣ በየእሁዱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ይሉኛል ይህን ያወራኋቸው ሁሉ። አላለኝም። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያቺ ዳገት ላይ ያቆመኝ ማን ሆነና? አጋቾቹ ፊት ኮፈን ያስከፈተኝ ማን ነው? ሰው ለወንድሙ ከፈራ በአፉ ፈራሁልህ ይለዋል እንጂ ሠራተኛ ሰብስቦ ይሰድበዋል? ይህን ሁሉ እዚያው ጮኼ ነገርሁት። ቆሞ ሰማኝ።

ራዲያተሩ ታጥቦ ከገባ በኋላ ወደ ሽንፋ ልወጣ ሞተር ሳስነሳ ወንድሜ በሾፌሩ መስኮት በኩል መጣ። መዳፉ ላይ ያንኑ አፈር በውሃ ለውሶ ይዟል።

«ዝቅ በልልኝ» አለ።

ንዴቴ አልበረደልኝም ነበር። ቢሆንም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ግንባሬን ሰጠሁት።

ስመለስ፣ ጭነቱ እንዳለ፣ ዳገቷን ሳልቆም ወጣኋት። ቀስቱ ከመሃል አልነቃነቅም አለ። ላቤ የግንባሬን አፈር እያጠበ ዓይኔ ውስጥ ከተተብኝ፤ እስከ ገንዳ ውኃ ድረስ ወንድሜን እየተራገምሁ፣ ሳልጠርገው ነዳሁ።