አባቴ ጸበል ገብተዋል ያሉኝ ሰሞን

እኔ ተናዳጅ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ስለ ሩጫ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ያንን ግማሽ ማራቶን ሲያነሳብኝ ፊቴ ይቀየራል። "ሪከርድ የሰበርሽ ዕለት ምን ተሰማሽ?" ይሉኛል። ምን ይሰማኛል! ደስ አለኝ፤ ዘለልኩ፤ ባንዲራ ለብሼ እየዞርኩ ሳቅሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እኔ ያን ቀን ስስቅ አባቴ ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር። ከእኔ በቀር ደግሞ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

የተወለድኩት መንዝ ነው፣ ከሞላሌ ወረድ ብሎ። አባቴ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ የሱፍ ባናቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ረጅም ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው አንቱ እንላቸዋለን፤ እሳቸው ግን ከእኔ ጋር ሲሆኑ እንደ እኩያ ይቀልዱ ነበር። በወረዳ ውድድር ታይቼ፣ ክለብ ገብቼ አዲስ አበባ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ሩጫ ሲኖረኝ ዋዜማውን ይደውሉልኛል። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ድረስ ወጥተው፣ ነፋሱ ድምፃቸውን እየቆራረጠው፣ "እግርሽን ያበርታው፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ" ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ያለዚያ ምርቃት ሮጬ አላውቅም ነበር።

አንድ ፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ሬዲዮ እየሰማን አንዲት ልጅ የዓለም ሪከርድ ሰበረች ተባለ። ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ አብሮን ተቀምጧል።

"ይኼ ሪከርድ የሚሉት ምንድን ነው?" አሉኝ አባባ።

"ከዚህ በፊት ከሮጠው ሁሉ በፈጠነ ሰዓት መግባት ነው።"

"አንዴ ከያዝሽው ያንቺ ነው?"

"ሌላ ሰው እስኪሰብረው ድረስ። አሁንማ ጫማው ተለውጧል፣ ልምምዱ ተለውጧል፤ አንዱ ሰበረ ሲባል ሌላው ይሰብራል።"

"ኧረግ! ታዲያ ምኑን ያዝሽው!" አሉና አጎቴን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። አጎቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ውጭ አገር አንድ ከተማ ለሚካሄደው ለዚያ ግማሽ ማራቶን ስዘጋጅ፣ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም በሚያሰኝ አቋም ላይ ነበርኩ። አሰልጣኜ የከተማውን ሪከርድ ትሰብሪያለሽ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተናግሯል። አንድ ቀን ጠዋት ከልምምድ ስንመለስ ስልክሽን አምጪ አለኝ። "እረፍት ያስፈልግሻል፤ ፌስቡክ እያየሽ ዓይንሽን አትጨርሺ" አለኝ። ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ሁለት ቀን አልፏል። ወዲያው ቤት ደወልኩ፤ ታናሽ ወንድሜ አነሳው።

"አባባስ?"

"ጸበል ገብተዋል።"

"ምን ሆነው?"

"ወገባቸውን ትንሽ አሟቸው ነበር፤ አሁን ደህና ናቸው። ሱባዔ ይዘዋል፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም።"

"እማዬስ?"

"አብራቸው ናት።"

እኛ አገር ይህን የሚጠራጠር የለም። ጸበል የገባ ሰው ገባ ነው፤ እስኪወጣ አይጠየቅም። እንደውም ደስ አለኝ። በሬ ካልጣላቸው በቀር ሐኪም ቤት የማይሄዱ ሰው፣ ቢያንስ ጸበሉን እሺ ብለዋል አልኩ። "በርቱልኝ በላቸው፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ በላቸው" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ድምፁ ጎርነን ያለ መሰለኝና ጉንፋን ይዞሃል እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ ጉንፋን ነው አለ።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ይነበብ ነበር። ክፍሌን የምትጋራው ልጅ ያለ ወትሮዋ ልብሴን አጥባ አሰጣች። ወሬ የማያልቅበት ማሳጅ የሚያደርግልን ሰውዬ እግሬን ይዞ ዝም አለ። ሌላዋ የክለባችን ልጅ ደግሞ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ጥምጥም ብላ አቀፈችኝ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ምንም። ናፍቀሽኝ ነው።"

"ትናንት አብረን አይደል እንዴ የዋልነው!" ብዬ ሳቅሁባት። እሷም እንደ ምንም ሳቀች።

ሄድን፤ ሮጥን። ቀዝቃዛ ጠዋት ነበር፤ ለእኔ ለመንዝ ልጅ ግን ብርድ ምን ያደርገኛል። ፍጥነት የሚጠብቁልን አሯሯጮች አንድ በአንድ እየወጡ ሲቀሩ ብቻዬን ቀረሁ። እግሬ ድካም አልተሰማውም። ዋዜማውን ምርቃት ባላገኝም፣ ጸበሉ ውስጥ ሆነው ስሜን እየጠሩ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ እንዲህ የሚያስሮጠኝ የአባባ ጸሎት ነው እያልኩ ነው የገባሁት። ሰዓቱን ሳየው ጮህኩ። በዚያ ከተማ ከሮጡት ሴቶች ሁሉ ፈጥኜ ነበር።

ጋዜጠኛ መጥቶ ለማን ታበረክቺዋለሽ አለኝ። "ለአባቴ" አልኩ። "አሁን ጸበል ናቸው፤ ሲወጡ ይሰሙታል። በጣም ነው ደስ የሚላቸው።" ያ ቪዲዮ እስከ ዛሬ በየሰው ስልክ ይዞራል። እኔ እየሳቅሁ ነው የማወራው። ከጎኔ የቆመው አሰልጣኜ መሬት መሬቱን ያያል።

ስመለስ የክለቡ ሰዎች ቦሌ አበባ ይዘው ጠበቁኝ። እኔ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ለአባባ የገዛሁት ወፍራም ካፖርት አለ፤ ዛሬውኑ ነው የምሄደው አልኩ። እረፊ አሉኝ። ምን እረፍት አለ! "ጸበሉ ድረስ እሄዳለሁ፤ እኔን አይቶ የሚቆጣ አጥማቂ ካለ አየዋለሁ" አልኩ። ተያዩ። ከዚያ አጎቴና ወንድሜ መኪና ይዘው መጡ። መንገዱን ሙሉ የማወራው እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርቱካን ልግዛላቸው አልኩ። ወንድሜ "ተይው፣ እዚያ አለ" አለኝ። ብርቱካን መንዝ ከየት መጥቶ? ተናደድኩበት፤ ወርጄ ገዛሁ። እሱ መሪውን ጨብጦ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መሽቷል ተብሎ እዚያው ዘመድ ቤት አደርን። ገና ጎህ ሳይቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ደጅ ላይ ሰማሁ። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው በር ላይ ከቆመ ለምን እንደመጣ እኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። መርዶ ነው። ማን እንደሆነ ግን እስኪነግሩኝ አልጠበቅሁም። በሩ ሳይከፈት "አባባ!" ብዬ ጮህኩ፤ "ጸበል" ያሉኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። አጎቴ ሊይዘኝ ሲመጣ ደረቱን መታሁት። ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሰው እየረገጠው ነው ያለቀሰው።

ቤታችን ስደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። እኛ ዘንድ ሴቶች የሟችን ልብስ ይዘው ነው የሚያለቅሱት፤ ባናቸውን፣ ጋቢያቸውን እህቶቻቸው ይዘዋል። እኔ የያዝኩት ካፖርቱን ነበር። አንድ ቀን ያልለበሱትን፣ የሳቸው ጠረን የሌለበትን ልብስ ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

አጎቴን በሦስተኛው ቀን ለብቻው ያዝኩት። ለምን አልኩት።

"ሬሳ ላይ ብትደርሺ ምን ታደርጊ ነበር? አታስነሺው! ሩጫሽ ግን ይቀር ነበር።"

"ይቅራ! ይቅር! ሩጫ ነው!" አልኩት። "አዲስ አበባ ነበርኩ እኮ! የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም! አፈር አልብሼያቸው መሄድ አልችልም ነበር?"

"ለፍተሽበታል፤ ላንቺም ላገርሽም ስም ነው አልን። ለአሰልጣኝሽም የነገርኩት እኔ ነኝ። ለሁሉም አስበን ነው" አለኝና እሱም እንደ ልጅ አለቀሰ። ክፉ ሰው ቢሆንማ ረግሜው በተገላገልኩ። መርዶን ለመንገደኛና ለፈተና ለተቀመጠ ሰው ማቆየት አባት አያቱ ሲያደርጉት ያየው ነገር ነው፤ ፍቅር ነው ብሎ ነው ያደረገው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ አልዋሽም።

የባሰውን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ በአርባቸው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ። አባባ ሦስት ቀን ነው የታመሙት። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር አለች። ኮቴ በሰሙ ቁጥር "መጣች?" ይላሉ። አጎቴ ደግሞ "መንገድ ላይ ናት፤ ጣርማበር ደርሳለች" ይላቸዋል። እያጽናናቸው ነው። እሳቸውም አምነው ጠበቁ።

"መጨረሻ ላይስ?" አልኳት።

"ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ አሉ። ስትገባ ልያት አሉ" አለችኝ እማዬ፤ ከዚያ በኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ለእኔ ጸበል ናቸው አሉኝ፤ ለእሳቸው መንገድ ላይ ናት አሏቸው። እኔ ያን ሰዓት ዳገት እየሮጥኩ ነበር። አንጀቴ የሚያረው እዚህ ላይ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ወደዚያው ከተማ ጠሩኝ። መሄድ አልፈለግሁም፤ ግን ሥራዬ ነው፣ ሄድኩ። ከእኛ ጋር አዲስ የመጣች የመርሐቤቴ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ዓለም ከተማ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ሩጫው ግማሽ ሲደርስ ጥላን ሄደች። እኔ ከኋላ ሆኜ ጀርባዋ ሲያንስ፣ ሲያንስ አየሁ። ስገባ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፤ ሪከርዴን ሰብራዋለች፤ ያውም ለትንሽ አይደለም። ታዲያ ምኑን ያዝሽው! አሉኝ አባባ፤ በጆሮዬ የሰማሁ ያህል ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ አፈር ሳላለብሳቸው የቀረሁት። ዓመት እንኳ ላልቆየ ነገር።

ሁሉም ፊቴን ያያል፤ ቅናቷ ይታይ እንደሆነ ብለው። እኔ ግን ልጅቷ ጋ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ።

"አባትሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ነው።"

"ድምፃቸውን መቼ ነው የሰማሽው? በራስሽ ጆሮ?"

አሰበች። "ሰሞኑን የማወራው ከወንድሜ ጋር ነው። አባዬ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል ነው ያለኝ" አለች፤ ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

"አሁን ለራሳቸው ደውይ።"

"ኧረ በሕግ!" አለ አሰልጣኛችን እየተንደረደረ መጥቶ። "በደስታዋ ቀን ምን ሟርት ትጠሪያለሽ?"

"አንተ ዝም በል!" አልኩት። "አንተ ስለ መደወል አታውራ!" ዞር አለ።

ልጅቷ ደወለች። ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። የማንም ልጅ፣ የማላውቃት፣ ሪከርዴን የወሰደችብኝ ልጅ ናት፤ እኔ ግን በእመቤቴ ስም እየለመንኩ ነበር፤ አንሱት፣ አባቴ፣ አንሱት።

"ሄሎ?" አለ የሽማግሌ ድምፅ። ከኋላው መኪና ይጮሃል።

"አባዬ!" ብላ ልጅቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

"ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ? ወደቅሽ እንዴ?"

"አልወደቅሁም! ሪከርድ ሰበርኩ!"

"አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ሪከርዱ የሷ ነበር። አሁን ደውይለት ያለችኝም እሷ ናት" አለችና ወደ እኔ አየች።

"እስቲ አገናኚኝ፤ ላመስግናት" አሉ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። መረቁኝ፤ ብዙ መረቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። ስልኩ የተቋረጠ መሰላቸው።

"ሄሎ? ልጄ፣ አለሽ?"

"አለሁ፣ አባባ" አልኳቸው።

አባባ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ስልኩን ለልጃቸው መለስኩላትና አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።